የአንጎል ሴሎች ተቆጠሩ ሲባል ምን ማለት ነው?

በቴሌግራምና በቲክቶክ በየጊዜው የሚዞር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። ጥቁር መደብ ላይ አንድ አንጎል ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል፤ አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ሞልተውታል። ከሥሩ «የሰው አእምሮ ሙሉ ካርታ ተሠራ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው ስልክ ላይም ይድረስ፣ የተማሪዎች ግሩፕ ውስጥም ይለጠፍ፣ ተከትለውት የሚመጡት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ታዲያ ለሚጥል በሽታ መድኃኒት ሊገኝ ነው? የሰው ሐሳብ ሊነበብ ነው እንዴ? ይህን ያህል ከታየ ኤምአርአይ ተነሥተን «ምንም የለም» የምንባለው ለምንድን ነው?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ቪዲዮው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው የተምታታው። ሲጀመር የሚሽከረከረው አንጎል አብዛኛውን ጊዜ የሰው ሳይሆን የአይጥ ነው። የአይጥ አንጎል ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። የሰው 1.3 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህ ልዩነት ተራ ዝርዝር ይመስላል እንጂ የጉዳዩ ግማሹ እዚያ ላይ ነው ያለው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ነጠብጣቦቹ ራሳቸው ምን እንደሚነግሩን፣ ምን እንደማይነግሩን ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥር፣ ቦታ፣ ዓይነት

ስለ አንጎል ሴሎች ሦስት ነገር ማወቅ ይፈለጋል። ስንት ናቸው? የት ናቸው? ምን ዓይነት ናቸው? ለረጅም ጊዜ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ግድ ነበር።

ቦታን ለማወቅ አንጎል ይቆረጣል። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 በብር ጨው የሚሠራ ማቅለሚያ አገኘ። ማቅለሚያው ጥቂት ሴሎችን ብቻ መርጦ ከነቅርንጫፋቸው ያጠቁራል፤ ሌላውን ይተወዋል። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ይህንኑ ዘዴ ይዞ ዛሬም ድረስ የሚደነቁ ሥዕሎች ሣለ። በ1906 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። የሚገርመው፣ ሽልማቱን የተቀበሉት ሳይስማሙ ነው። ጎልጂ ነርቮች እርስ በርስ የተያያዙ አንድ መረብ ናቸው ይል ነበር። ካሃል ደግሞ እያንዳንዱ ሴል ራሱን የቻለ ነው ባይ ነበር። ትክክሉ ካሃል ነበር።

በቁርጥራጭ መቁጠር ግን አድካሚ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጥቂት ቦታ ቆጥረው በስሌት ወደ ሙሉው ያሰፉታል። ይህ ዘዴ ስቴሪዮሎጂ ይባላል። በደንብ ከተሠራ ይታመናል፤ ቢሆንም ግምት ነው። ቆጣሪው ያላየው ጥግ ሁሌም አለ።

ቁጥርን ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ጨካኝ የሚመስል አቋራጭ አለ። ብራዚላዊቷ ሱዛና ሄርኩላኖ-ሁዜል አንጎሉን ሙሉ በሙሉ በፈሳሽ አሟሟችው። ከዚያ በፈሳሹ ውስጥ የተረፉትን የሴል ኒውክሊየሶች፣ ማለትም በየሴሉ አንድ አንድ የሚገኙትን እምብርቶች፣ ናሙና ወስዳ ቆጠረች። በ2009 የወጣው ውጤት፣ የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች እንዳሉት አሳየ። ከዚያ በፊት መጽሐፉ ሁሉ 100 ቢሊዮን እያለ ይቀባበል ነበር። ቁጥሩ ተስተካከለ፤ ቦታው ግን በፈሳሹ ውስጥ ጠፋ።

ዓይነትን ለመለየት ዛሬ የሚታመነው ዘዴ አርኤንኤ ማንበብ ነው። አርኤንኤ አንድ ሴል ከጂኖቹ የትኞቹን እየተጠቀመ እንደሆነ የሚያሳይ ግልባጭ ነው። ሴሎቹ ተነጣጥለው አንድ በአንድ ይነበባሉ። እዚህም ሴሉ የት እንደነበረ የሚያሳየው መረጃ በአብዛኛው ይጠፋል።

ባለ ሦስት አቅጣጫ ማይክሮስኮፒ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አንጎሉን ሳይበታትን ቁጥርንም ቦታንም አንድ ላይ ይሰጣል። ዓይነትን ግን የሚሰጠው በከፊል ነው። ቪዲዮው ላይ የማይታየው ክፍተት ይህ ነው።

ነጩ አንጎል እንዴት ብርሃን ያሳልፋል?

አንጎል ብርሃን የማያሳልፈው ጥቁር ስለሆነ አይደለም። ችግሩ ውስጡ ውሃ፣ ስብና ፕሮቲን የተደባለቁበት መሆኑ ነው። ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ይታጠፋል። የመታጠፉ መጠን ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ በሚባል ቁጥር ይለካል። የውሃ 1.33 ነው። የስብና የፕሮቲን ከ1.4 በላይ ይሄዳል። ብርሃኑ በየማይክሮኑ እየታጠፈ መጨረሻው መበተን ይሆናል። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የተበተነ ብርሃን ደግሞ ለዓይን ነጭ ሆኖ ይታያል።

መፍትሔው ሳምቡሳ የተጠቀለለበትን ወረቀት ላየ ሰው አዲስ አይደለም። ዘይቱ በወረቀቱ ክሮች መካከል ያለውን አየር ይተካና ማዶው መታየት ይጀምራል። አንጎልም ላይ የሚደረገው እንዲሁ ነው። ውሃው ይወጣል፣ ስቡ ይታጠባል፣ በምትኩ ከፕሮቲኑ ጋር እኩል ብርሃን የሚያጥፍ ፈሳሽ ይገባል። ሥራው ቲሹ ክሊሪንግ ይባላል፤ ቲሹን ማጥራት ማለት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ቨርነር ስፓልቴሆልዝ ከመቶ ዓመት በፊት ላይፕዚግ ውስጥ ሙሉ የሰውነት ክፍሎችን ያጠራ ነበር። ያኔ ግን በጠራው ሥጋ ውስጥ የተፈለገውን ሴል ብቻ ለይቶ የሚያበራ ነገር አልነበረም። በ2007 ኦስትሪያና ጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች የአይጥን አንጎል ሙሉውን አጥርተው በማይክሮስኮፕ አሳዩ። በ2013 ደግሞ ክዋንግሁን ቹንግና ካርል ዳይሰሮት ስታንፎርድ ላይ ክላሪቲ የተባለውን ዘዴ አወጡ። አንጎሉን ከጄል ጋር አያይዘው ስቡን በሳሙና መሰል ኬሚካል አጠቡት። ዜናው የዚያን ጊዜ ብዙ ጮኸ፤ የዛሬዎቹ ቪዲዮዎች ዘር የሚጀምረውም እዚያ አካባቢ ነው።

በተግባር ሥራው ምን ይመስላል? ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበትን አንድ መንገድ ቀረብ ብለን እንየው። አንጎሉ መጀመሪያ እንዳይበሰብስ በፎርማልዲሃይድ ይነከራል። ነጭ፣ ጠጠር ያለ ነገር ይሆናል። ከዚያ አንቲቦዲ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል። አንቲቦዲ የተመረጠ ፕሮቲን ላይ ብቻ የሚጣበቅ ሞለኪውል ነው፤ በላዩ ፍሎረሰንት ቀለም ይታሰርበታል። ፍሎረሰንት ማለት አንድ ቀለም ብርሃን ተቀብሎ ሌላ ቀለም የሚመልስ ነው። ይህ ደረጃ ቀናትን ይፈጃል፤ ሳምንት ማለፉም የተለመደ ነው። ቀጥሎ የአልኮል መታጠቢያ ይመጣል፤ 20 በመቶ፣ 40፣ 60፣ 80፣ ከዚያ 100። ውሃው ቀስ በቀስ ካልወጣ ቲሹው ይጎዳል። በመጨረሻ ብርሃን የሚያስተካክለው ፈሳሽ ይገባል። አንጎሉ አነስ ይላል፣ ይጠነክራል፣ ቢጫ ቅላት ያለው ጥርት ያለ ነገር ይሆናል። ጠርሙሱ ሥር ጋዜጣ ቢነጠፍ ፊደሉ ይነበባል።

አንድ ጥሩ ነገር ልጨምር። ቀድሞ የሚዘወተሩት ፈሳሾች መርዛማ ነበሩ። አሁን አንዳንዶች በእነሱ ፈንታ ኤቲል ሲናሜት ይጠቀማሉ፤ ለምግብ ቃና ማጣፈጫነት የሚውል ነገር ነው። አየር ማስወጫው ደካማ ለሆነ ቤተ ሙከራ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ከጎን የሚመጣ ብርሃን

የጠራውን አንጎል የሚያየው መሣሪያ ላይት ሺት ማይክሮስኮፕ ይባላል። በተለመደው ማይክሮስኮፕ ብርሃኑ ናሙናውን ከላይ እስከ ታች ያበራዋል፤ ጥልቁና ቅርቡ ይደባለቃል። እዚህ ግን የሌዘር ብርሃን እንደ ስስ ንጣፍ ተዘርግቶ ከጎን ይገባል። የሚበራው አንድ ስስ ደረጃ ብቻ ነው። ካሜራው በ90 ዲግሪ ቆሞ ያንን ደረጃ ያነሣል። ናሙናው ትንሽ ዝቅ ይልና ቀጣዩ ደረጃ ይነሣል። ሺዎቹ ፎቶዎች በኮምፒውተር ተደርበው ሙሉ አንጎል ይሠራሉ። ከጎን የማብራት ሐሳቡ ከ1903 ጀምሮ የነበረ ነው። ለሕይወት ሳይንስ በሰፊው የገባው ግን በ2004 ጀርመን ሃይደልበርግ ላይ ነው።

ሌላ መንገድም አለ። አንጎሉን ሳያጠሩ፣ የላዩን ፊት ፎቶ አንሥቶ ያንን ስስ ሽፋን መላጥ፣ ከዚያ ቀጣዩን ማንሣት። ይህ ይዘገያል፤ ግን ቲሹው አይኮማተርም፤ ፎቶዎቹም ራሳቸው በየቦታቸው ይገጥማሉ። ከታች የምጠቅሰው የ2017 ጥናት የተሠራው በዚህ ነው።

ፎቶው ከተነሣ በኋላ ያለው ሥራ ዜና ላይ አይወጣም። ሴሎቹን የሚቆጥረው በምሳሌ የሠለጠነ ሶፍትዌር ነው። ሴሎች ተራርቀው ባሉበት ቦታ ጥሩ ይሠራል። ሂፖካምፐስ የተባለው የማስታወስ ክፍል ውስጥ ግን ሴሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው የታጨቁበት ረድፍ አለ። እዚያ ሁለቱን አንድ ብሎ መቁጠር፣ ወይም አንዱን ሁለት ማድረግ ቀላል ነው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ቁጥር ሲሰጥ፣ ቁጥሩ ለየትኛው ክፍል እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው። ሁሉም ክፍል እኩል አይታመንም።

ከዚያ ማመሳሰል ይመጣል። አንዱ አይጥ አንጎል ከሌላው ትንሽ ይለያል፤ ማጥራቱም ቅርጹን ያዛባዋል። ስለዚህ ሁሉም ወደ አንድ ማጣቀሻ ይስተካከላሉ። በብዛት የሚሠራበት ማጣቀሻ አሜሪካ ሲያትል የሚገኘው የምርምር ተቋም፣ የአለን ኢንስቲትዩት፣ ያዘጋጀው ነው። የ1,675 አይጦች አንጎል አማካይ ነው። እያንዳንዱ ነጠብጣብ በዚህ ማጣቀሻ ላይ አድራሻ ያገኛል።

ሙሉ መቁጠሩ ምን አዲስ ነገር አመጣ?

ግምት ነበረን፤ አሁን ቆጠራ አለን። ለዚህ ይህን ያህል መድከም ለምን? ሙሉውን የቆጠረ ሰው ያልጠረጠረበት ቦታ ላይ ያለ ልዩነትም ያገኛል። በናሙና የሚቆጥር ግን የሚያገኘው ወዳሰበበት ቦታ ሄዶ ነው።

በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የአይጥን አንጎል ሙሉውን ቃኝቶ ሦስት ዓይነት አጋጅ ነርቮችን ቆጠረ። አጋጅ የሚባሉት የሌላውን ሴል እንቅስቃሴ የሚያበርዱት ናቸው። ኮርቴክስ ላይ፣ ማለትም በአንጎሉ የላይኛው ሽፋን፣ የዓይነቶቹ ድርሻ ከቦታ ቦታ በሥርዓት የሚለያይ ሆኖ ተገኘ። የስሜት ሕዋሳትን መረጃ በሚቀበለው ክፍልና መረጃን በሚያቀናጀው ክፍል የሚበዛው ዓይነት አንድ አይደለም። ከኮርቴክስ በታች ደግሞ የወንድና የሴት ልዩነት የታየባቸው 11 ቦታዎች ነበሩ። ከ11ዱ በ10ሩ ብዙ ሴል ያላቸው ሴቶቹ ነበሩ። በጥቂት ቁርጥራጭ ቆጥሮ እንዲህ ያለ ነገር ላይ መድረስ ዕድል ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጥቅም የሚሠሩ ሴሎችን ማየት ነው። ሲ-ፎስ የተባለ ፕሮቲን አለ። የነርቭ ሴል በርትቶ ከሠራ በኋላ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ውስጡ ይከማቻል። አይጧ አንድ መድኃኒት ከወሰደች ወይም ከፈራች በኋላ አንጎሏን ወስዶ ሲ-ፎስን ማቅለም ይቻላል። ያን ጊዜ በመላው አንጎል የትኞቹ ሴሎች እንደተነሡ ይታያል። አዲስ መድኃኒት ያልታሰበ ክፍል ነክቶ እንደሆነ የሚታወቀውም እንዲህ ነው። ይህ ግን የአንድ ቅጽበት አሻራ ነው። የሞተ አንጎል ላይ የሚሠራ ነገር የማንንም ሐሳብ አያነብም። «ሐሳብ ሊነበብ ነው» የሚለው ስጋት ከዚህ ቴክኖሎጂ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ በሽታ የትኛውን ሴል ቀድሞ እንደሚመታ ማየት ነው። ፓርኪንሰን መላውን አንጎል አያጠቃም። በተለይ የሚገድለው ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለ ጠባብ ቦታ ያሉትን ዶፓሚን አምራች ሴሎች ነው። መንቀጥቀጡ ሲጀምር ከእነሱ ብዙዎቹ ሞተዋል። በአልዛይመር ደግሞ ቀድመው ለውጥ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ሎከስ ሴሩሊየስ የሚባል፣ በአንጎል ግንድ ውስጥ ያለ ትንሽ የሴሎች ስብስብ ነው። ጎረቤቱ ደህና ሆኖ ያኛው ለምን ይሞታል? ይህን ለመጠየቅ እንኳ መጀመሪያ ጎረቤቶቹን በዓይነትና በቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል።

ዓይነቱን የሚለየው ማን ነው?

በታኅሣሥ 2023 ኔቸር መጽሔት ላይ የአይጥ ሙሉ አንጎል የሴል ዓይነቶች አትላስ ወጣ። ቁጥሩ 5,322 ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ፣ ማይክሮስኮፑ 5,322 ቀለም ያያል ብሎ ያስባል። አያይም። ላይት ሺት ማይክሮስኮፕ በአንድ ጊዜ በምቾት የሚለየው ሦስት ወይም አራት ቀለም ነው። 5,322 የተገኘው ሚሊዮኖች ሴሎች ተነጣጥለው አርኤንኤአቸው ተነቦ፣ የሚመሳሰሉት በኮምፒውተር ሲመደቡ ነው።

ታዲያ የነዚህ ዓይነቶች ቦታ እንዴት ታወቀ? መርፊሽ በሚባል ዘዴ ነው። መርፊሽ በአንድ ሴል ውስጥ የብዙ መቶ ጂኖችን አርኤንኤ እዚያው ባለበት ቦታ ያነባል። ግን የሚሠራው በጣም ስስ በሆነ ቁርጥራጭ ላይ ነው፤ በቁርጥራጮቹ መካከልም የሚዘለል አለ። ዓይነትን በደንብ ለማወቅ ስንል ወደ መቁረጡ ተመለስን ማለት ነው። «የመላው አንጎል የሴል ዓይነት ካርታ» የምንለው ነገር እንግዲህ ከሁለት ወገን የተሰፋ ነው። በአንድ በኩል ሙሉ ቁጥርና ቦታ፣ ዓይነቱ ግን ጥቂት። በሌላ በኩል ብዙ ዓይነት፣ ቦታው ግን የተቆራረጠ። ስፌቱን የሚሰፋው ስሌት ነው። ስሌቱ ከዓመት ዓመት እየተሻለ ነው፤ ስፌት መሆኑ ግን አይረሳ።

5,322 ራሱስ ምን ያህል ይታመናል? ተመራማሪዎቹ ይህን ቁጥር በደረጃ ነው ያስቀመጡት። ከላይ 34 ትልልቅ ክፍሎች አሉ፤ ከሥራቸው 338 ንዑስ ክፍሎች፤ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። አንደኛው ወገን ታችኛው ደረጃም እውነተኛ የተፈጥሮ ልዩነት ነው ይላል። ምክንያቱም ዓይነቶቹ ብዙውን ጊዜ የራሳቸው የተለየ ቦታ ላይ ይገኛሉ። ሌላው ወገን ብዙ ሴሎች ቀስ በቀስ የሚለዋወጡ እንጂ በአጥር የተከለሉ አይደሉም ይላል። ድንበሩን ያሰመረው ኮምፒውተሩ ነው፤ መለኪያው ትንሽ ቢቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ሁለቱም የሚሉት ውስጥ እውነት አለ። ላይኞቹ ደረጃዎች የሚጸኑ ይመስለኛል። አራት አሃዙን ቁጥር ግን እንደ መጨረሻ ቃል አልወስደውም። በዚህ ላይ አንድ ሴል በጂን አጠቃቀሙ፣ በቅርጹና በኤሌክትሪክ ጠባዩ ሲመደብ፣ ሦስቱ ምደባዎች ሁልጊዜ አይገጥሙም።

ከአይጥ ወደ ሰው

የሰው አንጎል በመጠን የአይጡን ወደ 3,000 እጥፍ ይበልጣል። ይህ ማለት ግን ሥራው 3,000 ጊዜ ይደገማል ማለት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ነገር ከዚያ በላይ ይከብዳል።

አንቲቦዲው አለ። አንቲቦዲ ወደ ቲሹ የሚገባው በራሱ እየሰረገ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ አሥር እጥፍ ሲሆን መቶ እጥፍ። ስለዚህ ሙሉ የሰው አንጎልን እንዳለ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ መጠበቅ አያዋጣም፤ ወፈር ባሉ ቁርጥራጮች መከፈል አለበት። ዕድሜም ይጫወታል። በአዛውንት አንጎል ሴሎች ውስጥ ሊፖፈስሲን የሚባል ዝቃጭ ይጠራቀማል፤ ሳይቀለም በራሱ ያበራል። ሶፍትዌሩ እሱን የተቀለመ ሴል አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። የስድስት ወር አይጥ ላይ ይህ ራስ ምታት እምብዛም የለም።

ከዚያ የመረጃው ክብደት። እንቁጠረው። የአይጥ አንጎል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በየአንድ ማይክሮን ነጥብ ብንወስድ 500 ቢሊዮን ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ባይት ብንይዝ 1 ቴራባይት፣ ለአንድ ቀለም ብቻ። የሰው አንጎል 1,200 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብንለው 2,400 ቴራባይት ለአንድ ቀለም። አንድ ቴራባይትን በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት ለማውረድ ሳይቋረጥ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። «ሳይቋረጥ» የምትለዋ ቃል ሐዋሳ ላይ ምን እንደምታህል አንባቢ ያውቃል።

እንዲያም ሆኖ ሥራው ተጀምሯል። በ2024 ኤምአይቲ ያለው የቹንግ ቡድን የሰው አንጎል ግማሽ ክፍሎችን ወፈር ባሉ ቁርጥራጮች ከፍሎ፣ አቅልሞ፣ በላይት ሺት አንሥቶ መልሶ በኮምፒውተር ገጣጠመ። አንደኛው ጤነኛ ከነበረ ሰው፣ ሌላው አልዛይመር ከነበረበት ሰው ነው። የሚያነጻጽሩት ሁለት ሰዎችን ስለሆነ ስለ በሽታው ገና ብዙ አይነገርበትም። ዘዴው መሥራቱን ግን አሳይቷል። በዚያው ዓመት ሕንድ ውስጥ አይአይቲ ማድራስ በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም የሚገኘው የአንጎል ማዕከል የሰው ፅንስ አንጎሎችን በ5,132 ቁርጥራጮች አንሥቶ በነጻ ለቀቀ። እነሱ አላጠሩም፤ ቆርጠው ነው የሠሩት። ሕንዶቹ የመረጡት መንገድ ብዙ እጅ ላለው፣ ገንዘብ ግን ለሚቆጥር አገር ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል።

በአርኤንኤ በኩል ደግሞ በጥቅምት 2023 ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጡት ተከታታይ ጽሑፎች የሰው አንጎል ከ3,000 በላይ የሴል ዓይነቶች እንዳሉት ተዘግቧል። የዋናው ጥናት ናሙና በዋናነት የመጣው ከሦስት ሟቾች ነው። «የሰው አንጎል ካርታ» ስንል እስካሁን የጥቂት ሰዎች አንጎል ማለት እንደሆነ ልብ ይሏል።

ገንዘቡ ይገባዋል?

ተቺዎቹ ቀላል አይደሉም። በ2014 በመቶዎች የሚቆጠሩ የነርቭ ሳይንቲስቶች የአውሮፓን የሰው አንጎል ፕሮጀክት በመቃወም ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ቅሬታቸው በአጭሩ፣ የፕሮጀክቱ አቅጣጫ ጠባብ ነው፣ አመራሩም ግልጽነት ይጎድለዋል የሚል ነበር። ካርታ መሥራትን የሚተቹ ደግሞ ግልጽ ጥያቄ ሳይኖር ብዙ ገንዘብ መረጃ በመሰብሰብ ላይ ይፈሳል ይላሉ። የሚጠቅሱት ጠንካራ ማስረጃም አላቸው። ሲ ኤሌጋንስ የተባለችው ትንሽ ትል 302 የነርቭ ሴሎች ብቻ አሏት። ግንኙነታቸው በሙሉ በ1986 ታትሟል። ትሏ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ ግን ዛሬም ከሥዕሉ ብቻ ተነሥቶ በደንብ መተንበይ አልተቻለም።

ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ትሏን ራሷን ይጠቅሳሉ። ከ1986 ወዲህ ስለ ትሏ ነርቮች የተሠራ ጥናት ሁሉ ያንን ሥዕል ሳይከፍት አይጀምርም ይላሉ። ሥዕሉ ብቻውን መልስ ባይሆንም ያለ እሱ ጥያቄው አይጠየቅም። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ መረጃው ለሁሉም ክፍት ከሆነ። እስካሁን የአለን ኢንስቲትዩት አትላስ በነጻ የሚከፈት መሆኑ ለእንዲህ ያለው ክርክር ትልቅ መልስ ነው።

ሐዋሳ ላይ ምን ይቀይራል?

በኤምአርአይ ጥያቄ እንጀምር። የተለመደው ኤምአርአይ አንድ ነጥቡ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የሃርቫርድና የጉግል ተመራማሪዎች አንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር የምታህል የሰው ኮርቴክስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንሥተው ሲቆጥሩ 57,000 ገደማ ሴሎች አገኙ። ኤምአርአይ ላይ አንድ ነጥብ የሆነው ነገር ውስጥ ያን ያህል ሴል አለ ማለት ነው። ስለዚህ «ምንም የለም» ማለት «በዚህ መሣሪያ የሚታይ ነገር የለም» ማለት ነው። ሐኪሙም አልዋሸም፣ ታማሚውም አላስመሰለም። ይህን የሚያስረዳ ሰው ባለመኖሩ ስንቱ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ይንከራተታል።

ያች ቁራጭ የተገኘችው፣ እግረ መንገዴን፣ ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ሴት ነው። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ባደረጉት፣ በ1990 በታተመው ጥናት፣ ከ1,000 ሰው 5 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይተዋል። ለእነዚህ ሰዎች የሴል ካርታው ነገ ጠዋት የሚያመጣው ነገር የለም። የሚጠቅማቸው መድኃኒት አሁንም በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጥ መገኘት ያለበት፣ ለአሥርት ዓመታት የሚታወቅ ክኒን ነው። ቪዲዮውን አይቶ ያለውን መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ካለ ጉዳት ላይ ነው።

ከካርታው በተለየ ሁኔታ ሊጠቀም የሚችል የአገራችን ጥያቄ ግን አለ። የጓያ በሽታ። በድርቅ ጊዜ ጓያ ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ሲሆን አንዳንዱ ሰው እግሩ ይደነድናል፤ ከዚያም አይመለስም። እጅ በአብዛኛው ይተርፋል፤ አእምሮ ይተርፋል። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ይታወቃል። እግርን የሚያዙትን የነርቭ ሴሎች ለይቶ ለምን እንደሚመታ ግን አጥጋቢ መልስ የለም። ይህ ከላይ ያነሣሁት የፓርኪንሰን ጥያቄ ወንድም ነው። ጠያቂው ግን ቦስተን ወይም ቶኪዮ ውስጥ በብዛት አይገኝም፤ በሽታው እዚያ የለምና።

ለዚህ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላው ላይት ሺት ማይክሮስኮፕ መግዛት የለበትም። ጥሩ የሰለጠነ የፓቶሎጂ ባለሙያ፣ ጥሩ ኮምፒውተርና ከአትላሱ ውስጥ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ መርጦ ማውረድ የሚያስችል ኢንተርኔት ብዙ ያስኬዳል። የነርቭ ሳይንስ የሚወድ የኮምፒውተር ተማሪም ሴል የሚቆጥሩትን ነጻ ሶፍትዌሮች ዛሬ ጭኖ መሞከር ይችላል።

የማይወርደው ነገር ቲሹው ነው። እኛ አገር ሟች የሚመረመረው በአብዛኛው ፖሊስ ሲጠይቅ ነው። ቀብሩ በማግስቱ፣ ብዙ ጊዜም በዕለቱ ይፈጸማል። አርኤንኤ ደግሞ ከሞት በኋላ በሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ አንጎል ይሰጥ ወይ የሚለውን በለቅሶው መሃል፣ በዚያችው ሌሊት መወሰን አለበት። የማይቻል ነገር አይደለም። በአገራችን ከሟቾች የዓይን ብሌን የሚሰበሰበው በዚሁ አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ለጋሹ በሕይወት ሳለ ፈርሞ፣ ቤተሰቡም አስቀድሞ አውቆ ይጠብቃል። ለዓይን የተሰጠው ፈቃድ የሌላ ሰው ዓይን ያበራል፤ ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። ለአንጎል የሚሰጥ ፈቃድ ግን ለማንም የሚተከል ነገር የለውም። ለቀባሪው፣ ለካህኑ፣ ለኢማሙና ለፓስተሩ ማስረዳት የሚከብደው ይህኛው ነው። የአንጎል ባንክ ማቋቋም የሚፈልግ ተቋም ከተነሣ፣ ከማይክሮስኮፑ ጨረታ በፊት የሚጠብቀው ሥራ እሱ ነው።